ሳይቀምሱ ማቅረብ

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሸዋ ሮቢት ጠጅ የሚሸጥባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ ጠጁ ተቀምሶ የሚቀርብበት ቤት ግን አንድ ብቻ ነበር። እሱም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪኖች ከሙቀቱ ለማረፍ ከሚቆሙበት ዋርካ ፊት ለፊት የሚገኘው የወይዘሮ አሰገደች ቤት ነው። አሰገደች ከጣርማ በር ማዶ ካለው ብርዳም አገር በልጅነቷ ተድራ ወደ ቆላ የወረደች፣ ባሏን ወባ ከነጠቃት በኋላም ወደ ደጋ መመለስን ያላሰበች፣ ደልዳላና ሣቂታ ሴት ነበረች። ለምን እንዳልተመለሰች ሲጠይቋት፣ «ብርድ ሰውን ያኮማትራል፤ የተኮማተረ ሰው ደግሞ ጠጅ አይገዛም» ትል ነበር።

ልማዱ ከመኳንንት አዳራሽ የመጣ ነው። በግብር ላይ መጠጥ የሚያሳልፈው ሰው ከማንቆርቆሪያው ጥቂት በመዳፉ ላይ ያንቆረቁርና በጌታው ፊት ይጠጣዋል፤ መጠጡ መርዝ እንደሌለበት በገዛ ነፍሱ መመስከሩ ነው። ይህ ልማድ ወደ መንገድ ዳር ጠጅ ቤት ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ እመንገድ ይቀራል። አሰገደች ግን ሳታስቀር ይዛው ከመውረዷም በላይ አሰፋችው። በእሷ ቤት ለዳኛም ለአህያ ነጂም፣ ለቀኛዝማችም ለሾፌርም፣ ብርሌው ከመቀዳቱ በፊት መዳፏ ይርሳል፤ መዳፏም ወደ አፏ ይሄዳል። «የሾፌር ነፍስ ከቀኛዝማች ነፍስ በምን ታንሳለች?» ስትል ሾፌሮቹ ያጨበጭቡላታል። ጠጇ የቆላ ሰው እንደሚወደው ለጋና ጣፋጭ ነበር፤ ስሟ እስከ አጣዬ የተሰማው ግን በጠጇ ብቻ ሳይሆን በመዳፏም ነው።

የአሰገደች በሽታ የተገኘው በእግሯ በኩል ነው። አንድ ቀን ጠዋት የወጥ ቤቱን ሥራ የምትመራው የእህቷ ልጅ ፈለቀች ወለሉ ላይ የደም ጠብታ አየች፤ ጠብታውን ስትከተል አክስቷ ዘንድ ደረሰች። የጌሾ እንጨት ስንጣሪ በአሰገደች ግራ እግር ውስጥ ተሰክቶ ነበር፤ ባለቤቲቱ ግን ምንም አልተሰማትም። ስንጣሪው ወጣ፣ ቁስሉ ቀረ። ፌጦም ተሞከረ፣ ቅቤም ተሞከረ፣ ጸበልም ተጠመቀች፤ ቁስሉ ግን ከመድረቅ ይልቅ ሰፋ። በመጨረሻ በጤና ጣቢያው አዲስ ወደተመደበው የጤና መኮንን ወደ ፀጋዬ ሄደች።

ፀጋዬ ወጣት፣ ቀጭን፣ ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ፣ መጽሐፉንም የሚያምን ሰው ነበር። ቁስሉን አይቶ ሽንት እንድትሰጠው ጠየቃት፤ ከሰማያዊ መድኀኒት ጋር በመስታወት ቱቦ ቀላቅሎ በኩራዝ ላይ አፈላው። ፈሳሹ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ብርቱካንማ ሆነ፣ በመጨረሻም እንደ ሸክላ ቀላ።

«ይህ ምንድን ነው? ሕክምና ነው ወይስ ጥንቆላ?» አለች አሰገደች።

«ሽንትዎ ውስጥ ስኳር አለ፣ እትዬ።»

«ስኳር ቤቴ የሚገባው ለሾፌሮች ሻይ ነው። እኔ መች እቀምሰዋለሁ?»

ፀጋዬ በትዕግሥት አስረዳት። ከምትበላውና ከምትጠጣው የሚገኘውን ጣፋጭ ገላዋ እንደሚገባ ሊጠቀምበት እንዳልቻለ፣ በደሟ ውስጥ እየተጠራቀመ የእግሯን ስሜት እንዳደነዘዘ፣ ቁስሉም የማይድነው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ነገራት። ፈሳሹ ሲፈላ ሰማያዊነቱን ሳይለቅ ከቀረ ቁስሉ ይድናል፤ እንዲህ እየቀላ ከቀጠለ ግን መበስበሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያኔ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ትላካለች፣ እዚያም እግሯ ይቆረጣል።

አሰገደች ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቋን አቆመች።

«በአንድ እግሯ ጠጅ ቤት የምታስተዳድር ሴት አይተህ ታውቃለህ፣ ልጄ?»

«አላየሁም።»

«እኔም የመጀመሪያዋ መሆን አልፈልግም። የምታዘኝን እዘዘኝ።»

አዘዛት። ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ክኒን፣ ከእንጀራ መቀነስ፣ ማርና ስኳር አለመንካት፣ እግርን ከፍ አድርጎ መቀመጥ። «ጠጅ ይጠጣሉ?» ብሎም ጠየቀ። «ማታ ማታ ከእንግዶች ጋር አንድ ብርሌ አላጣም ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» አለች። ቃሏንም ጠበቀች። የራሷን ብርሌ አጥባ ከመደርደሪያው ላይ ደፋችው። እንግዶች ሲጠይቋት ስለት ነው አለች፤ ከስለት ጋር የሚከራከር ሰው ደግሞ በይፋት አልተወለደም። እውነቱን አልተናገረችም። በታመመ እጅ የተጣለ ጠጅ ማንም እንደማይጠጣ ታውቅ ነበርና።

መቅመሷን ግን ቀጠለች። ይህን ለማታለል አላደረገችውም። መቅመስ መጠጣት አለመሆኑን እሷም፣ እንግዶቿም፣ የንስሐ አባቷም በአንድ ቃል የሚመሰክሩት ነገር ነበር። መጠጣት ለራስ ነው፤ መቅመስ ለእንግዳ ነው። «ስለቴ መጠጣትን እንጂ መቅመስን አይከለክልም» እያለች በየብርሌው ፊት መዳፏን ታርስ ነበር።

ቱቦው በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀላ፤ ከዚያ በኋላ ባለውም ቀላ። ፀጋዬ መጀመሪያ የጠረጠረው ክኒኑን ነው።

«ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣሉ?»

«እውጣለሁ። በጾም ቀን ብቻ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት በአፌ ምንም ስለማይገባ፣ የጠዋቱንና የማታውን አብሬ እውጣቸዋለሁ።»

ፀጋዬ ራሱን ያዘ። እንዲህ ያለ ነገር ሊገድላት እንደሚችል ነገራት፤ የንስሐ አባቷም ተጠይቀው፣ ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት አስረድተው፣ ጠዋት ቁራሽ ቂጣ በልታ ክኒኗን እንድትወስድ ፈቀዱላት። ፀጋዬ ምክንያቱ ተገኘ ብሎ ደስ አለው። ቱቦው ግን እንደገና ቀላ። ክኒኑን ጨመረ፤ አሁንም ቀላ። የሰውየው ትዕግሥት እያለቀ ሄደ።

«እትዬ አሰገደች፣ እየዋሹኝ ነው።»

«እኔ የምዋሸው ለቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ ነው። ላንተ ምን በወጣኝ?»

«ማር ይበላሉ።»

«ማር ከያዝኩ ጠጅ እጥልበታለሁ እንጂ ለምን እበላዋለሁ? ከሳሪ ነጋዴ አስመሰልከኝ እኮ!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ፀጋዬ ሴትዮዋ የሆነ ነገር እንደምትበላ ያውቃል፤ አሰገደች ደግሞ የተከለከለችውን ሁሉ እንደተወች ታውቃለች። በዚህ መካከል ቁስሉ ሰፍቶ ትንሿን ጣቷን ማጥቆር ጀመረ። ፀጋዬም እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ለውጥ ካልታየ ወደ ሆስፒታል እንደሚልካት ቁርጡን ነገራት።

ነገሩ የታወቀው በምሳ ግብዣ ላይ ነው። የወረዳው ዳኛ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ስለነበር ሹማምንቱ በአሰገደች ቤት ሸኟቸው፤ ፀጋዬም ተጠራ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠጅ ቤቷን ረግጦ አያውቅም ነበር። አንድ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አሰገደች ማንቆርቆሪያዋን ይዛ እያነከሰች ገባች፤ በዳኛው ፊት መዳፏን አርሳ ጠጣች፣ ቀዳችላቸው። በቀኛዝማች አየለ ፊት ጠጣች፣ ቀዳችላቸው። ፀጋዬ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም እንግዳ ፈገግ አለ። በአምስተኛው እንግዳ ላይ ፈገግታው ጠፋ። መላውን ተጋባዥ አዳርሳ ለሁለተኛ ዙር ስትመለስ ተነሥቶ ተከትሏት ወደ ጓዳ ገባ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንግዳ አስተናግዳለሁ። ምን ጎደለህ፣ ልጄ?»

«እየጠጡ ነው እኮ!»

«እየቀመስኩ ነው» አለች፤ እንደ ሕፃን ልጅ አዘነችለት። «አገርህ አይቀምሱም?»

ፀጋዬ አልተከራከራትም። ከመደርደሪያው ላይ ባዶ ብርሌ አነሣና፣ በመዳፏ የምታንቆረቁረውን ያህል በቀመሰች ቁጥር እዚህ ብርሌ ውስጥ እንድትጨምርለት ለመናት። «ለዛሬ ብቻ፤ ከአዳራሹ ይቀምሳሉ፣ ከጓዳ ይህን ይሞሉልኛል» አለ። እንግዳ ነገር ቢሆንባትም እሺ አለች። የሽኝቱ ንግግር ሳይጀመር ብርሌው ሞላ። ፀጋዬ ሌላ አመጣ። እሱም ሞላ። ሦስተኛው ሲጋመስ አሰገደች ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ የተደረደሩትን ብርሌዎች አየቻቸው።

«ይህ ሁሉ ከኔ ሆድ ውስጥ ነው?»

«ይህ የአንድ ምሳ ነው፣ እትዬ። የገበያ ቀኑን ይጨምሩበት።»

«ታዲያ ለምን አልሰክርም?»

«ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚጠጡት ይሆናል። እግርዎ ግን ሰክሯል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅመሷን ተወች። አሰገደች ነገሩን ቀላል አድርጋ ነበር ያሰበችው፤ ማንቆርቆሪያውን ለፈለቀች ሰጠቻት፣ ፈለቀችም ትቀምስ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ከአዲስ አበባ ጨው የሚያመላልሰው ሾፌር ሽፈራው፣ «እትዬ፣ ምነው? መርዙን ለእህትሽ ልጅ አሸከምሽው?» አለ። አሰገደችም፣ «እኔ ጠገብኩ፤ እሷ ገና ወጣት ናት፣ ትችለዋለች!» ብላ መለሰች። ሁሉም ሣቀ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ቀልዱ ያው ሆኖ ሣቁ ቀረ። ሰው ፈለቀችን ያያል፣ ከዚያ አሰገደችን ያያል፣ ከዚያ ብርሌውን ያያል። የቤቱ ሴትዮ ስትቀምስ የኖረችው ጠጁን የጣለችው ራሷ ስለሆነች ነው፤ የጣለው ሰው ያልቀመሰውን ሌላ ሰው ቢቀምሰው ምን ዋስትና አለው? ስለት ነው እንዳትል፣ ስለቷ መቅመስን እንደማይከለክል ለአገር ሁሉ ስትናገር የኖረችው ራሷ ናት።

ወሬውን ያመጣላት አደም ነው። አደም ማር በአህያ ጭኖ ከአጣዬ በኩል የሚያመጣላት የብዙ ዘመን ደንበኛዋ ነበር።

«አሰገደች፣ በአጣዬ ገበያ የሚወራውን ሰማሽ?»

«ገበያ መች ዝም ብሎ ያውቃል?»

«‹አሰገደች የራሷን ጠጅ ፈራችው› ይላሉ። ወላሂ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አንዱማ፣ ‹ሴትዮዋ የማትቀምሰውን እኔ አልቀምስም› ሲል ነበር።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን እላለሁ? እኔም አልቀምስም።»

«አንተ ድሮስ መች ቀምሰህ ታውቃለህ!»

«እኔን አላህ ከልክሎኛል» አለ አደም የማሩን ቅል እያወረደ። «አንቺን ማን ከለከለሽ?»

አሰገደች ማሩን በእንጨት መማሰል ጀመረች።

ጉዳዩ የለየለት በገበያ ቀን ነው። ቀኛዝማች አየለ ከቀወት ቆላ ማሽላቸውን አስጭነው መጥተው ነበር። በመሬት ክርክር ብዙ ባላጋራ ያፈሩ፣ በሄዱበት ቤት ሁሉ ውኃ እንኳ አስቀምሰው የሚጠጡ ሽማግሌ ናቸው። የአሰገደችን ቤት የመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነበር። እንደ ልማዳቸው ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ፈለቀች መዳፏን ልታርስ ስትል እጃቸውን አነሡ።

«አንቺ ቆይ። አሰገደች፣ ቅመሽልኝ።»

አሰገደች ከፈለቀች እጅ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለች። አንድ መዳፍ ብቻ ነበር የተጠየቀችው፤ አንድ መዳፍ ደግሞ እግር አያስቆርጥም። ዳሩ ግን ለቀኛዝማች የቀመሰች ሴት ለሾፌር አልቀምስም ልትል አትችልም፤ ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ለአንዱ ከቀመሰች ለሁሉም ልትቀምስ ነው፤ ለሁሉም ከቀመሰች ደግሞ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በየትኛው እግሯ እንደምትቆም አታውቅም።

«አልቀምስም፣ ቀኛዝማች» አለች። «ታምሜአለሁ።»

«ምን ሆንሽ?»

«የስኳር በሽታ ይሉታል። ጣፋጭ ከጠጣሁ እግሬ ይቆረጣል።» ቀሚሷን ጥቂት ከፍ አድርጋ የተጠቀለለ እግሯን አሳየች።

«አይ እትዬ!» አለ ሽፈራው ከበሩ በኩል። «ሰው ስኳር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ አንቺ በሆድሽ ይዘሽው ኖሯል?» ጥቂት ሰዎች ሣቁ፤ የቀኛዝማችን ፊት አይተው ዝም አሉ።

«ይጋባል?» አሉ ቀኛዝማች።

«ሐኪሙ አይጋባም ይላል።»

«ሐኪሙን ተይው፤ ገና ጢም አላወጣም። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አብራኝ የምትበላ የምትጠጣ ፈለቀች ይቻትና፣ ጤነኛ ናት። ሌላ ምን ልበልዎ? አንቱ ያመኑትን ያድርጉ።»

ቀኛዝማች ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ፣ «እግዜር ይማርሽ» አሉ፣ ብርሌውን ሳይነኩ ወጡ። ሌሎቹም በየማዕረጋቸው ተራ ተከተሏቸው፤ ከቅዳሴ የሚወጣ ሕዝብ ይመስሉ ነበር። የቀሩት ሾፌሮቹ ብቻ ናቸው። የሚቸኩል ሰው ለመጠርጠር ጊዜ የለውም፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ሽፈራው እንዳለው፣ በጣርማ በር ገደል ፍሬኑ እየሸሸው የሚነዳ ሰው በብርሌ ጠጅ መሞትን አይፈራም።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ በአሰገደች ቤት ከሚጣሉት ጋኖች አብዛኞቹ ተደፍተው ተቀመጡ። ደጋሽ አልጠራትም፣ ሹም አልመጣባትም። የምታደርገው ስላልነበራት ከበሩ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን በሌላ በርጩማ ላይ ሰቅላ መንገዱን ታይ ነበር። ፀጋዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የለመናት ይህንኑ ነበር፤ ያኔ ግን እንግዳ የሞላበት ቤት ይዛ መቀመጥ አልሆነላትም። አሁን በሰዓቷ ትበላለች፣ ክኒኗን በሰዓቷ ትውጣለች፣ የሚያጎርሳት እንግዳ የለም፣ ለሾፌሮቹ ከሚጣለው ጥቂት ጋን በቀር የምትቀምሰው ብርዝ የለም። ቁስሉ ከዳር ከዳር መሰብሰብ ጀመረ። ጠቁራ የነበረችው ጣት ሳትመለስ ቀረች፤ ፀጋዬ እዚያው ጤና ጣቢያው ቆርጦ አወጣት። የቀረው እግር ግን ዳነ።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ በሰኞው ቱቦው ፈላ፣ ቀዘቀዘ፤ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ፀጋዬ ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው፤ መጽሐፉ ያለው ሁሉ እውነት ነበር።

«ይዩት፣ እትዬ! አንድም ነጥብ ስኳር የለበትም።»

«ያምራል» አለች አሰገደች። «ልክ እንደ ቤቴ፤ እሱም አንድም ነጥብ ሰው የለበትም።»

የቀኛዝማች አየለ ልጅ ሠርግ በግንቦት ነበር። ቀኛዝማች ከሦስት ጠጅ ጣዮች ናሙና አስመጥተው ነበር አሉ፤ አንዱ ቀጠነ፣ አንዱ ኮመጠጠ፣ የአንዱን ደግሞ ቀማሻቸው ገና በመዳፉ ይዞት ፊቱን አጨማደደ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በቅሏቸውን ከዋርካው ሥር አሳስረው ወደ አሰገደች በር መጡ። ብድግ ልትል ስትል፣ «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ፤ እግርሽን» አሉ።

«አንቱ ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

«እኔም እቀመጣለሁ» ብለው ሌላውን በርጩማ ሳቡ። «አሰገደች፣ የልጄን ጠጅ አንቺ ጣይልኝ።»

«በሽታዬስ፣ ቀኛዝማች?»

«በሽታሽን ስመረምር ነው የከረምኩት። በዚህ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ሾፌሮቹን ሳያቸው ነበር። እየጠጡ ይሄዳሉ፣ እየጠጡ ይመለሳሉ። አንዱም አልሞተ፤ እንዲያውም ያ ለፍላፊው ሽፈራው ወፈረ።»

አሰገደች እስክታነባ ድረስ ሣቀች። «ሾፌሮቹን ቀማሽ አድርጌአቸዋለሁ ይበሉኛ!»

«ሳይከፈላቸው» አሉ ቀኛዝማች፤ እሳቸውም ሣቁ።

ሥራውን ተቀበለች። ተደፍተው የነበሩት ጋኖች ታጠቡ፣ ታጠኑ፤ አደም ማሩን በብዛት አመጣ። በእንግዳ ፊት የሚቀመሰውን መዳፍ ለፈለቀች መተው ይቻል ነበር፤ ብርዙን መቅመስ ግን ለሌላ የሚተው ሥራ አልነበረም። ማሩ ከውኃው ጋር ልኩን መያዙን የምታውቀው በምላሷ አልነበረም፣ በጉሮሮዋ ነው። ለመትፋት ሞከረች፤ ተፍታ የጣለችው የመጀመሪያው ጋን ቀጠነባት። ከዚያ በኋላ ትውጠው ጀመር። በሠርጉ ቀን ቀኛዝማች በተጋባዡ ሁሉ ፊት ማንም ሳይቀምስላቸው ዋንጫቸውን አነሡ፤ በዚያው ሳምንት የአሰገደች ቤት እንደ ቀድሞው ሞላ።

ቱቦውም እንደ ቀድሞው ቀላ።

ፀጋዬ በዚያ ጠዋት የተናደደውን ያህል ተናዶ አያውቅም። «እግርዎን አድነን ነበር!» አለ። «ምን አደረጉ?»

«ጠጅ ጣልኩ። ብርዝ ቀመስኩ። ቀኛዝማች በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ፤ አፌን ልዝጋባቸው? ሠርግ ነው።»

«ሰማያዊ ሆኖ ነበር እኮ፣ እትዬ!»

«ሆኖ ነበር። ቤቴ ሲዘጋ ሰማያዊ ሆነ፣ ቤቴ ሲከፈት ቀላ። እንግዲህ ልጠይቅህ፣ ልጄ። ሰማያዊውን ከፈለግህ መጥተህ ቤቴን ዝጋልኝ። ቤቴም እግሬም አብረው ይኑሩ ካልክ ግን ሌላ ቀለም ንገረኝ።»

ፀጋዬ ወደ መጽሐፉ ተመለከተ፤ አልገለጠውም። እዚያ ውስጥ ያለው በሽተኛ ለብቻው ተቀምጦ፣ የራሱን ሳህን ይዞ፣ በታወቀ ሰዓት ይበላል፤ የሚያጎርሰው ቀኛዝማች የለውም። እንዲህ ያለ ሰው በሸዋ ሮቢት መኖሩን ፀጋዬ ተጠራጠረ።

«አረንጓዴ» አለ በመጨረሻ።

«ቢጫ» አለች አሰገደች፤ አደምን ስታናግር በምትናገርበት ድምፅ።

«በቢጫ እግርዎ አይቆይም።»

«በአረንጓዴ ቤቴ አይቆይም። ጠጅ በምጥልበት ሳምንት ቢጫ፣ በሌላው ሳምንት አረንጓዴ።»

«ጠጅ የሚጥሉት በየሳምንቱ ነው!»

«ጋኖቹን አብዝቼ በየሁለት ሳምንቱ አደርገዋለሁ። ይኸው ወረድኩልህ። አንተም ውረድ።»

ፀጋዬ ሳይወድ ሣቀ። ከዚያ ዋጋውን ማሻሻል ጀመረ። ብርዙን በቅል ሳይሆን በሻይ ማንኪያ ጫፍ ትቅመስ፤ ተቀምጣ ታስተናግድ፤ ያለ ጫማ ጓዳ ውስጥ እንኳ አትግባ፤ ጠጅ በምትጥልበት ቀን እንጀራዋን ትቀንስ፤ ፈለቀችንም ብርዝ መቅመስ ታስተምራት። አሰገደች ሁሉንም ተቀበለች፤ እንጀራው ላይ ብቻ ጥቂት ተከራከረች። ስለ ጉርሻው ደግሞ፣ «ከቀኛዝማች በታች ካለ ሰው አልጎርስም» ብላ ቃል ገባች።

በሁለት ሳምንቱ ተመለሰች። እግሯን አየው፤ ጠባሳው ደርቋል። ሽንቱን ከሰማያዊው መድኀኒት ጋር ቀላቅሎ ኩራዙን ለኮሰ። ሁለቱም ከጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ፈሳሹ ሰማያዊነቱን ቶሎ ለቀቀ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ትንሽ ደፈረሰ፤ ከዚያ በላይ አልቀላም። ፀጋዬ ቱቦውን በመቆንጠጫ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው።

«ይኸው፣ አረንጓዴ ነው» አለች አሰገደች ከበስተኋላው።

«ቢጫ ነው።»

«ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ቢጫ ነው።»

ፀጋዬ ቱቦውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዘነበለው። «ጠጅ የጣሉበት ሳምንት ነው?»

«የጣልኩበት ነው።»

«እንግዲያው በስምምነታችን ውስጥ ነን» አለና ኩራዙን አጠፋ።